የአትጠገብ ፊት

ጨርቅ ሻጩ ነጠላውን ዘርግቶ ገበየሁን፣ «ለእናትህ ውሰድላቸው፤ ያምርባቸዋል» አለው። እጁ የሚያመለክተው ወደ አትጠገብ ነበር። አትጠገብ ግን የገበየሁ ሚስት ናት፤ በዕድሜም እሱ በአሥር ዓመት ይበልጣታል። ገበየሁ ሳቀ እንጂ አላረመውም። አትጠገብ ዲላ ገበያ መሀል ጥላው ሄደች።

ያንገበገባት ከሻጩ ይልቅ የባሏ ሳቅ ነው። ማታ ቤት ሲገባ፣ «ሚስቴ ናት እንዳትል አፍህን ምን ያዘው?» አለችው።

«ቀልድ ነው እኮ፣ አንቺ ደግሞ።»

«የተቀለደው እኔ ላይ ነዋ።»

በማግስቱ ክሊኒክ ሄደች። ፊቷ ከእኩዮቿ ሁሉ ቀድሞ ለምን እንደተጨማደደ፣ በሽታም ከሆነ ማወቅ ፈለገች። በር ላይ ያገኘችው ድሬሰር ነገሯን ሳትጨርስ፣ «እማማ፣ እርጅና መድኃኒት የለውም፤ ወረፋ አያጣብቡ» አላት።

«እማማ አይደለሁም። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። ሐኪሙን ሳላይ አልሄድም» ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

የባሏ እናት መባሏን ስትነግረው ዶክተር ወልደዮሐንስ አልሳቀም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየና እጅጌዋን እንድትሰበስብ ነገራት። የክንዷ ውስጠኛ ቆዳ ልስልስ ያለ ነው።

«ዕድሜሽ ይኸ ነው» አላት ክንዷን እያሳያት። «ፊትሽን ያስረጀው ፀሐይ ነው። የት ነው የምትውይው?»

«ቡና እለቅማለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ደጅ ላይ ነኝ።»

«ባልሽስ?»

«ጽሕፈት ቤት።»

የተሸበሸበው ተመልሶ እንደማይለሰልስ ሳይደብቅ ነገራት። ከእንግዲህ ግን ፊቷን በሰፊ ባርኔጣ እንድትከልል፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር እንድትሆን፣ ፊት ያሳምራል እየተባለ ገበያ የሚሸጠውን ቅባትም እንዳትነካ መከራት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። የቡና ነጋዴው የጋሼ ደጀኔ ግቢ ውስጥ ሰፊ የቆርቆሮ ዳስ አለ፤ ከሥሩ የተደረደረው ጆንያ ነው። ሴቶቹ ከዳሱ ውጭ ፀሐይ ላይ ተኮልኩለው ይለቅማሉ። ስንት ዓመት አብራቸው ተቀምጣ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብላ ጠይቃ አታውቅም። በራሷም ተናደደች። ሰፌዷን አንስታ ከዳሱ ሥር፣ ጆንያዎቹ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ምን ሆነሻል? ዳሱ ቡናው ፀሐይ እንዳይመታው የተሠራ ነው» አላት ጋሼ ደጀኔ።

«እኛንስ ይምታን?»

ሁልጊዜ አጠገቧ የምትለቅመው ሀዲጃ ሰፌዷን ይዛ መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጋሼ ደጀኔ ሊያባርራቸው ቃጣው፤ ነገር ግን የጭነት መኪናው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ቡናው ደግሞ ገና ተለቅሞ አላለቀም። እያጉረመረመ ጆንያዎቹን ወደ ጥግ አስገፋ።

አትጠገብ አላመሰገነችውም። አንገቷን ደፍታ መልቀም ጀመረች።