ብርድ የምትስበው መኪና

ኮዬ ፈጬ ላይ መሬቱ ለኮንዶሚኒየም ሲወሰድ ካሳ የተቀበለ ሁሉ ገንዘቡን በየፊናው ጨረሰው። አንዳንዱ በላው፣ አንዳንዱ ጠጣው። የዱሬሳ የአጎት ልጅ ለሜሳ ግሮሰሪ ከፍቶ ዋናው ደንበኛ ራሱ ሆነ። ዱሬሳ ግን የአባቱን መሬት እየነዳው ነው። በካሳው ጃፓን አገር ዕድሜዋን የጨረሰች ሃይብሪድ መኪና ገዛ፤ ግማሽ በቤንዚን፣ ግማሽ በባትሪ የምትሄድ፣ ስትቆም ሞተሯ ጸጥ የምትል። መጀመሪያ አሁን ወደሚኖሩበት አቃቂ ይዟት የገባ ዕለት የሰፈሩ ሰው ሞተሯ የጠፋበት መስሎት ሊገፋለት ተሰበሰበ።

«ይቺ መሬቴ ናት» ይላል ዱሬሳ። ቀልድ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል።

የሚይዛት እንደ አራስ ነው። ዘይቷን ከቀኑ አስቀድሞ ያስቀይራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥባታል፤ ከቆመች ሸራ ያለብሳታል። ለወንበሮቿ ወፍራም ግራጫ ልባስ አሰፍቶላቸዋል። መስኮቷ ግን አይከፈትም። የማያስከፍቱት እናቱ ወይዘሮ ጠጄ ናቸው። እሳቸው ነፋስን አሳምረው ያውቁታል፤ ከኋላ ሲመጣ ወገብ፣ ከፊት ሲመጣ ጥርስ፣ ከጎን ሲመጣ ኩላሊት እንደሚይዝ ማንም ሐኪም እንዲነግራቸው አይፈልጉም። እሑድ እሑድ ኮዬን አቋርጠው ወደ ጥንቱ ደብራቸው ሲሄዱ ከኋላ በቀኝ በኩል በሩ ጥግ ይቀመጣሉ፤ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ይላል፤ ዱሬሳም ላቡን በእጅጌው እየጠረገ ይነዳል።

ባለፈው መጋቢት አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ። መኪናዋ ዳገቱን እያቃሰተች ወጣች። በማግስቱ ሳሪስ ያለ አንድ መካኒክ ኮምፒውተሩን ሰክቶ አየና፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ትልቁ ባትሪ አልቆለታል። ፈታታትና ዕቃዋን ሽጥ» አለው።

ዱሬሳ የዚያን ዕለት እህል አልቀመሰም። መሬቱ አንድ ጊዜ ተሸንሽኗል፤ አሁን ደግሞ በር ለአንዱ፣ ጎማ ለሌላው ሊሸነሸን ነው። ፈራ። አባቱ ከመቃብር ተነስቶ «የት አደረስከው?» ቢለው የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ኑሪ ወሰዳት። ኑሪ የስልጤ ልጅ ነው፤ ከእነዱሬሳ ቤት አለፍ ብሎ አነስተኛ ጋራዥ አለው። ጠጄም የሕመምተኛ ዘመድ እንደሚያደርገው ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉ። ኑሪ የኋላውን በር ከፍቶ በወንበሩ ጎን እጁን ሰደደ።

«ትልቁ ባትሪ ከዚህ ወንበር ኋላ ነው ያለው» አለ። «ሲሞቅ በዚች ቀዳዳ በኩል አየር ይስባል። ለመሆኑ ይሄ ምንድን ነው?»

ከቀዳዳዋ ያወጣው በግራጫ ልባስ የተሰፋ፣ ባዘቶ የተጠቀጠቀበት፣ ልክክ ያለ ውታፍ ነበር።

«ከመኪናዋ ጋር የመጣ ነዋ!» አለ ዱሬሳ። «ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን አራግፌ እመልሰዋለሁ።»

ኑሪ ስፌቱን ገልብጦ አየ። «ጃፓኖች በእጅ ይሰፋሉ እንዴ?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት» አሉ ጠጄ፣ ምንም ሳያፍሩ። «ከልባሱ ትራፊ። በዚያ በኩል ብርድ ይስባል። ስንት ጊዜ ኩላሊቴን ይዞኛል መሰላችሁ!»

«እማማ፣ እርስዎ ሳይበርድዎት እሱ ተቃጠለ እኮ» አለ ኑሪ፣ ባትሪውን እያሳየ።

ዱሬሳ በእናቱ ላይ ጮሆ አያውቅም። ያን ዕለት ጮኸ። «እማዬ፣ ይቺ እኮ መሬታችን ናት! ከአባዬ መሬት የቀረችን ይቺው ብቻ ናት! አፍነሽ ገደልሻት!»

ጠጄ መኪናዋን ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ ተመለከቷት። «ይቺ?» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

መኪናዋ አልሞተችም። ኑሪ አየር የሚስበውን ማራገቢያ ጠራርጎ የተበላሹትን የባትሪ ክፍሎች ለወጠ፤ ሲያስረክብም ቀዳዳዋ እንዳትደፈን፣ መስኮቷም ገርበብ እንዲል ደጋግሞ አስጠነቀቀ። ዱሬሳ ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ግን እናቱን ባየ ቁጥር ደስታው ወደ እፍረት ይለወጥበታል።

እሑድ የፊቱን በር ከፈተላቸው። «እዚህ ተቀመጪ እማዬ፣ እዚህ ብርድ የለም።»

«ፊት ላይ በቀበቶ ያስራሉ። ታስሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም።»

«እሺ፣ ከኔ ኋላ ሁኚ። ከዚያኛው ጥግ ይሻላል።»

«ከዚያ ሆኜ ምን አያለሁ?» አሉና የጥንት ቦታቸውን ያዙ፤ ቀዳዳዋ አጠገብ፣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው።

ግትርነት ነው ብሎ ተወው። ኮዬ ሲደርሱ ቀዳዳዋ እየሳበች፣ በመስኮቱም ነፋስ እየገባ ነበር። ዱሬሳ እንደ ልማዱ ዳሽቦርዱን ይጠብቃል፤ ቀዩ መብራት የለም። እናቱ በርዷቸው እንደሆነ ለማየት በስፖኪዮ ሲቃኝ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ ወደ ቀኝ ዞረው፣ ሰው እንደሚሳለሙ ዝቅ ብለው እጅ ሲነሱ አያቸው።

«ማንን ነው?» አላቸው ፍጥነቱን እየቀነሰ።

«አውድማችንን ነዋ።»

ዞሮ አየ። በሁለት ፎቆች መካከል ጠባብ ክፍተት ነበረች፤ አሸዋ የተቆለለባት፣ ልብስ የተሰጣባት። ከአሸዋው ኋላ ያልተገነባበት ጠፍጣፋ መሬት ይታያል፤ ጠርዙ ላይ አባቱ በሬዎቹን ያሳርፍበት የነበረው ዋርካ ቆሟል። ይህን መንገድ እሑድ እሑድ እየተመላለሰበት አንድም ቀን አይቶት አያውቅም፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ ነው።

«እስከ ዛሬ ምነው አልነገርሽኝ?»

«አንተማ መሬትህ መኪናዋ ናት። ምን ብዬ ልንገርህ?»

ዱሬሳ ጥጉን ይዞ አቆመ። ሞተሩ ጸጥ አለ፤ ማራገቢያው ብቻ ከወንበሩ ኋላ ይሰማል። ወርዶ የእናቱን በር ከፈተና ደጅ ቆሞ ወደ ዋርካው ተመለከተ።

«እማዬ፣ ነፋሱ...» አለ በሩን ሊዘጋላቸው ይዞ።

«ተወው» አሉ ጠጄ። «ከዚያ ነው የሚመጣው።»