ያልተጻፈችው ሦስት ሜትር

የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን ወደ ኢንተርኔት ካዞረ አራት ዓመቱ ነው። አባ ጉድጓድ ስለዚህ ነገር ለሰው ሁሉ አማርረው ጨርሰዋል። ስሙን ያወጡላቸው የማኅበሩ ሰዎች ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ሲያጮልቁ ኖረው ጡረታ ወጡ፣ ሌላ ምን ይባሉ? ለእሳቸው ጉባኤ ማለት ኮሪደሩ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ጥናት ይነበባል፣ ይጨበጨባል፤ እውነቱ ግን በእረፍት ሰዓት፣ ሻይ ተይዞ፣ ሆድ ለሆድ ይነገራል። ሰብሳቢዋ የዋህ ሴት ናትና ያንን ለመተካት ሦስት አራት እየሆኑ የሚያወሩባቸው ትንንሽ ክፍሎች ስክሪኑ ላይ ከፍታ ነበር። አባ ጉድጓድ አንድ ቀን እንኳ አልገቡም። ከሣጥን ጋር አላወራም ብለው፣ እረፍት በተባለ ቁጥር ሶፋው ላይ ጋደም ይላሉ።

ዛሬ ጠዋት ግን ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል።

የምታቀርበው ዶክትሬቷን ለመጨረስ ይህ ጥናት ብቻ የቀራት ልጅ ናት። ማኅበሩን የተቀላቀለችው ጉባኤው ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ወዲህ ስለሆነ ከአባላቱ አንዱንም በአካል አታውቅም። ኮራ ብላ፣ የሰባት ጉድጓዶችን ውሃ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተለካው ጋር ማስተያየቷን ትናገራለች። ያኔ ውሃው የተገኘው ሃያ አንድ ሜትር ላይ ነበር፣ ዛሬም ሃያ አንድ ላይ ነው። ስንዝር አልወረደም፤ እንግዲያው ከተማው አሥር ጉድጓድ ጨምሮ ቢቆፍር አይጎዳም አለች። የውሃ ቢሮው መሐንዲስ ያዳምጣል። የቁፋሮው ውል የሚፈረመው ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ በዚሁ ጥናት መነሻነት ነው።

የድሮው ቁጥር ከየት እንደመጣ ስታሳይ፣ አባ ጉድጓድ የራሳቸውን መጽሐፍ ሽፋን አዩት። ጉድ ፈላ።

ያን ዘመን፣ ቁጥሩ ከታች የሚጀምረው የመለኪያቸው ገመድ ጫፍ ድንጋይ ውስጥ ተቀርቅሮ ሦስት ሜትር ተበጥሶ ቀርቶ ነበር። እሳቸው ምን ያህሉ እንደቀረ ሳያዩ ሌላ ክብደት በተረፈው ጫፍ አስረው ሰባቱንም ለኩ። ገመዱ ሃያ አንድ ሲል ውሃው አሥራ ስምንት ላይ ነበር። ይህን ያወቁት መጽሐፉ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው። ማረሚያ ሊጽፉ ተነሡና ሀፍረት ያዛቸው። በምትኩ በየዓመቱ ኮሪደር ላይ ለአንዱም ለሌላውም እነዚያን ጉድጓዶች አትመኑ እያሉ ነገሩ፤ የሰማው እየሳቀ ላልሰማው አቀበለ። የአደባባይ ምስጢር ሆነ፣ ማንም ቁጥሩን ሳይነካ ዓመታት አለፉ። ይህቺ ልጅ ግን መጽሐፉን እንጂ ኮሪደሩን አላገኘችም። ውሃው ሦስት ሜትር ወርዷል። አሥር ጉድጓድ ከተጨመረበት ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ሊጠጣ ነው?

ለብቻዋ መልእክት ጻፉላት። አላየችውም፤ ማን ነው ጥናት እያቀረበ መልእክት የሚያይ? እረፍት ሲወጡ እነግራታለሁ ሲሉ ደግሞ ሰብሳቢዋ ሰዓት ስለገፋ እረፍቱ ቀርቷል አለች። በድንጋጤ ለጢሞ ጻፉ። ጢሞ የዕድሜ ልክ ባልደረባቸው ነው፣ የገመዱን ነገር ከማንም በፊት የሰማ። ዝም አይነቅዝም፣ ነገ ደውለህ ለብቻዋ ንገራት፣ ልጅቷን በሰው ፊት አታዋርዳት ብሎ መለሰ። ለልጅቷ አዝኖ ይሁን ለጓደኛው፣ እሱ ያውቃል።

ሚስታቸው በሩ ላይ ቆማ ምን ሆንክ አለቻቸው። ነገሯት። የገመዱን ታሪክ እሷም የምታውቀው እንደ ቀልድ ነበር፤ ዛሬ አልሳቀችም።

“ሳይደርቅ በእርጥቡ ነበር” አለች። “አንተ ሠላሳ ዓመት አድርቀኸዋል።”

ሰብሳቢዋ ጥያቄ ከሌለ እንዝጋ አለች። መሐንዲሱ አመስግኖ ሊወጣ ነው። አባ ጉድጓድ ተጣድፈው ካሜራውን አጠፉት፣ መልሰው አበሩት፣ በመከራ ድምፁን አገኙት።

“የልጅቷ ሥራ ጥፋት የለበትም” አሉ። “ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የለካሁበት ገመድ ሦስት ሜትር ጎድሎት ነበር። ካወቅሁት ቆየሁ፤ አልጻፍኩትም።”

መሐንዲሱ ፊርማው ይቆያል ብሎ ለአለቃው ሊደውል ወጣ። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ፈዛ ቀረች። ዶክትሬቷ ቢያንስ ሌላ ዓመት ሄደባት፤ ይህን ከእሷ ፊት ላይ ያላነበበ አልነበረም። አባ ጉድጓድ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

“ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል?” አለች ልጅቷ።

መጀመሪያ ጢሞ እጁን አነሣ። ቀጥሎ ሰብሳቢዋ፣ አንገቷን ደፍታ። ከዚያ ካሜራቸውን አጥፍተው የነበሩ ሁሉ አንድ በአንድ እያበሩ እጃቸውን አነሡ። አሥራ አንድ እጅ ሆነ።

“እረፍት በተባለ ቁጥር” አለች ልጅቷ፣ “እነዚያ ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ እገባ ነበር። ሦስት ዓመት። ብቻዬን ተቀምጬ ሰዓቱ ያልቅና እወጣለሁ። አንዳችሁ እንኳ አልመጣችሁም።”

አባ ጉድጓድ ያንን ሁሉ እረፍት ሶፋ ላይ ተኝተው ነው ያሳለፉት። ይቅርታ ሊሉ አሰቡና ቃሉ አነሰባቸው። የተያዘው ሰዓት አልቋል፤ ከስክሪኑ ላይ ግን የወጣ ሰው የለም።

ልጅቷ በመዳፏ ፊቷን ጠረገች። “ሌላስ?” አለች። “ያልጻፋችሁት ሌላ ምን አለ?”

“ብዙ ነው፣ ልጄ” አሉ አባ ጉድጓድ።

ሰብሳቢዋ ዝቅ ባለ ድምፅ የጉባኤውን ቀረጻ ላቁመው ወይ ብላ ጠየቀች።

“አይቆምም” አሉና አባ ጉድጓድ፣ ያልተጻፈውን መናገር ከራሳቸው ጀመሩ።