ገጽ አሥራ ዘጠኝ

ደምሴ ለተማሪዎቹ «እኔ እየነገርኳት እሷ ጻፈችልኝ» ሲል በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሻይ በትሪ ይዤ። የገዛ እጄ ጽሑፍ በአራት ወንዶች ጉልበት ላይ ተዘርግቷል። ሽፋኑ በኮምፒውተር ተሠርቷል፦ «የፖከር መማሪያ፣ በደምሴ»። ውስጡ ግን ከነስርዙ የእኔ የተንጋደደ ፊደል ነው።

ትሪውን አልጣልኩትም። ብርጭቆውን አንድ በአንድ አደልኩ፤ ለደምሴ ስኳሩን እንኳ እንደሚወደው አማሰልኩለት። ቶሎ የሚጮህ ሰው ነገሩን ያበላሸዋል።

ከመርሳ ወደ ወልድያ የመጣሁት አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጬ ነው። ደምሴ ፎቶ ኮፒና ሞባይል ጥገና ቤት አለው፤ ኮፒ የማነሳው እኔ ነኝ። ደንበኛ በሌለ ሰዓት በስልኬ ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር እጫወታለሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ስድስት ሰው፤ ሁሉም በገንዘብ ፈንታ የሚያዝ እኩል ቺፕ ይታደለዋል፣ ያለቀበት ይወጣል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሽልማቱን ይካፈላሉ። ማንም አላስተማረኝም። የፈረንጆቹን ቪዲዮ በመዝገበ ቃላት ቆፍሬ ነው የገባኝ። በተሸነፍኩ ቁጥር ለምን እንደተሸነፍኩ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ቺፕን ሁሉ ማስያዝን «ግፋ»፣ ካርድን መተውን «ጣል» አልኩት። ዛሬ የወልድያ ጎረምሳ ሁሉ የሚላቸው እነዚህ ቃላት የኔ ናቸው። ሁለት ዓመት ፈጅተውብኛል።

አክስቴ እዚያው መርሳ አርፋ ለቅሶ ሄድኩ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የቆየሁት። ደብተሩን ከማሽኑ ሥር ካለው መሳቢያ ትቼው ነበር። ስመለስ ደብተሩ መጽሐፍ ሆኗል፣ ደምሴም ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምር መምህር።

በሳምንቱ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ተማሪዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ገባሁ።

«ጋሼ፣ ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ ይጫወታሉ?»

«ምነው የሹ፣ ኮፒ ማንሳቱ ሰለቸሽ?» አለና ሳቀ። ተማሪዎቹም ሳቁ፤ ዋጋ ከፍለዋላ።

«እኔ ካሸነፍኩ ደብተሩ የማን እንደሆነ እዚሁ በአፍዎ ይናገራሉ። እርስዎ ካሸነፉ፣ እየነገሩኝ የጻፍኩ ጸሐፊ ነኝ ብዬ በአፌ እናገራለሁ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ባጃጅ ነጂው ጌትነት፣ ነገር ይወዳል፤ «ጋሽ ደምሴ፣ ፈሩ እንዴ?» አለው። ከዚያ ወዲያ ደምሴ እንቢ የሚልበት መንገድ አልነበረውም።

ዳኛ አድርገን ዓሪፍን ጠራነው። ከጎን ልብስ የሚሸጥ ነው፤ «ቁማር ሐራም ነው፣ አልነካም» ይላል፣ ግን አንድም ጨዋታ አምልጦት አያውቅም። «ማየት ብቻ ነው፤ ማየት የከለከለ የለም» ብሎ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። የመማሪያውን ቅጂ እጁ ላይ አኖርኩለት።

«ገጹን ስጠራ ጮክ ብለህ ታነባለህ።»

«አብሽሪ እህቴ፣ ማንበብስ አጅር አለው፣ ያጸድቃል።»

እኔ፣ ደምሴና አራቱ ተማሪዎች መቶ መቶ ብር አስገብተን፣ በየስልካችን በይለፍ ቃል የተዘጋ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። አንድ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሆነን ሁላችንም አንገታችንን ወደ ስልካችን ደፋን።

ገና በጅምሩ ደምሴ ካርዱ እንደደረሰው፣ «ገጽ አራት» አልኩ።

ዓሪፍ አነበበ፦ «መጀመሪያ ላይ አትቸኩል። ጥንድ ካልያዝህ ጣል።»

ደምሴ ጣለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«ገጽ ሰባት» አልኩ ቆይቼ። ዓሪፍ አንብቦ ሳይጨርስ ደምሴ ገጹ ያለውን አደረገ። አሁን የሳቀ የለም። ደምሴ ጆሮው ቀላ። ከገጹ ወጥቶ እንዳይጫወት ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም፤ በገጹ ቢጫወት ደግሞ የሚያደርገውን እኔ ቀድሜ እናገራለሁ።

ሦስቱ ተማሪዎች ተራ በተራ አለቀባቸው። እኔ፣ ደምሴና ጌትነት ቀረን። ሽልማቱ ለሁለት ሰው ነው፤ ከእኛ አንዱ ባዶ እጁን ይወጣል።

«ገጽ አሥራ ዘጠኝ» አልኩ።

ዓሪፍ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስት ሰው ሲቀር እጅህን ሰብስብ። የገፋብህ ካለ፣ ሁለት አስ ወይም ሁለት ኪንግ ካልያዝህ ጣል። ሌላው እስኪወጣ ጠብቅ።»

ይህ ገጽ ስሕተት ነው። የጻፍኩት አንድ ሳምንት ሙሉ ሦስተኛ እየሆንኩ ስወጣ፣ ፈርቼ ነው። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ጨዋታው አስገድዶ የሚያስቀምጠን ቺፕ ያድጋል፤ እጁን ሰብስቦ የሚጠብቅ ሰው ቁጭ ብሎ እየተበላ ነው። የሚጥል መሆኑን ያወቀበት ሰው ደግሞ ምንም ሳይዝ ይዘርፈዋል። ይኼ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ላርም ስል ደብተሩ የሌላ ሰው ሆኗል። የሚያስብ ሰው ቢሆን ስሕተቱን ያገኘው ነበር። የሚገለብጥ ግን አብሮ ይገለብጠዋል።

ከጠረጴዛው ላይ ፕላስተር ቆረጥኩና ስልኬ ላይ ካርዶቼ የሚታዩበትን ቦታ ሸፈንኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ደምሴ።

«ዓይኔን አሞኛል።»

ከዚያ ገፋሁ። ሁለቱም ጣሉ። ቀጥሎ ያለውንም ገፋሁ። ጣሉ። ሰባት ጊዜ በተከታታይ የያዝኩትን ሳላይ ገፋሁ፤ ሰባቱንም ጊዜ ሁለቱም መማሪያቸው እንዳዘዘ ጣሉ። ቺፓቸው እየተነነ ወደ እኔ መጣ።

«ኧረ ካርዷን አላየችም እኮ!» ብሎ ጮኸ ጌትነት። «ሁለት ዘጠኝ ይዤ ልጥል? መጽሐፉ የተረገመ ነው!» አለና ቺፑን ሁሉ አስይዞ ተከተለኝ።

ፕላስተሩን አነሳሁ። ሰባትና ሦስት ነው የያዝኩት። ጠረጴዛው ላይ ለሁላችን ከሚገለጡት ካርዶች ሰባት ወጣ፣ ቀጥሎ ሦስት፤ ሁለቱ ጥንዶቼ የጌትነትን አንድ ጥንድ በሉት።

«ይኼ ዕድል ነው» አልኩት። «ከዚህ በፊት ያለው ግን ዕድል አልነበረም።»

«ገብቶኛል» አለ ጌትነት፣ ቅጂውን አጥፎ ኪሱ እየከተተ። ደምሴን ግን አላየውም።

ሁለት ቀረን።

ዓሪፍ ሳልጠራው ገጹን ገለጠ። ደግሞ ገለጠ። «ወላሂ እዚህ ጋ ያልቃል። ባዶ ነው።»

ባዶ ነው። ስለ ሁለት ሰው ጨዋታ ልጽፍ የተቀመጥኩ ዕለት ነው የአክስቴ መርዶ የደረሰኝ።

እስክሪብቶና ነጭ ወረቀት አወጣሁ። ጉልበቴ ላይ አስተካከልኩና ቀና ብዬ አየሁት።

«በል ደምሴ፣ ገጽ ሃያ። ንገረኝ፣ ልጻፍ።»

ያለ «ጋሼ» ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው።

የደምሴ ስልክ ላይ ለማሰብ የተሰጠው ሰዓት እየቆጠረ ወርዶ አለቀና ጨዋታው ራሱ ካርዱን ጣለበት። ሁለተኛም እንደዚያው። ሦስተኛም።

«እየጠበቅኩ ነው» አልኩ። «ቀለሙ እየደረቀ ነው።»

በአራተኛው የቀረችውን ሁሉ ገፋ፤ አስቦ ሳይሆን፣ እንዲያልቅለት። ምን ይዞ እንደገፋ እሱም ያየው አይመስለኝም። ተከተልኩት። አለቀለት።

«ያንቺ ነው» አለ ወደ ስልኩ።

«አልሰማሁም። ቀስ እያልህ ተናገር፣ ለመጻፍ እንዲመቸኝ።»

ጌትነት ሳቁን አፈነ። ደምሴ ግራ ቀኝ አየ፤ የሚያግዘው ዓይን አጣ።

«ይህ ደብተር...»

«ይህ ደብተር» እያልኩ ጻፍኩ።

«የ... የየሻረግ ነው።»

«የሻረግ ማን?»

ሁለት ዓመት ሳገለግለው የአባቴን ስም ጠይቆኝ አያውቅም።

«አዳነ» አልኩት። «በል።»

«የየሻረግ አዳነ ነው።»

«ቀጥል፦ እኔ አልነገርኳትም።»

«እኔ... አልነገርኳትም።»

ነጥቡን አድርጌ ፈረምኩና ወረቀቱን ወደ ማሽኑ ወሰድኩት። ስድስት ቅጂ። ሁለተኛው ላይ ማሽኑ እንደ ልማዱ ወረቀት ነከሰ፤ የሚነካበትን ቦታ ነክቼ አላቀቅኩት። ለአራቱ ተማሪዎች አንድ አንድ፣ አንዱን ለዓሪፍ፤ የመጨረሻውን መስታወቱ ላይ፣ ወደ መንገዱ አዙሬ በፕላስተር ለጠፍኩት። ደብተሬን ከመሳቢያው አወጣሁ።

በሩ ላይ ስደርስ ደምሴ ጠራኝ። «የሻረግ፤ ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ... የት ጋ ነው የምትነኪው?»

«እሱን ገና አልጻፍኩትም» አልኩት።