ማን አገዘሽ?

«ሰርዢያቸው በቃ! እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ካላስረከቡ ዘንድሮ ተመራቂ አይደሉም» አለ ሲሳይ፣ ለስብሰባ ጃኬቱን እየደረበ።

ብዙነሽ ማውሱን እንደያዘች ቀረች። በርቀት ትምህርት ማዕከሉ ኮምፒውተር ላይ ዘጠኝ ስሞች በቀይ ተደርድረዋል። ሁሉም የአንበሳሜ ከተማ ተማሪዎች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ገጹ ላይ ጭነው፣ «አስረክብ» የሚለውን ቁልፍ ሳይነኩ ትተውታል። አንድ ሰው ቢሆን ረሳ ይባላል፤ ዘጠኝ ሰው ግን ተጠራርቶ አይረሳም።

ሲሳይ ማዕከሉን መምራት ከጀመረ ገና ስምንት ወሩ ነው። ቀልጣፋ፣ ክፋት የሌለበት ልጅ ነው፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። ከእሱ በፊት፣ ትምህርቱ ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር፣ «ገጹን ለተማሪው ቀላል አድርጉት» የሚል ትእዛዝ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ መጥቶ ነበር። ያን ጊዜ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ አማርኛ የመለሰችው ብዙነሽ ናት። ክረምቱን ሙሉ ደክማበታለች፤ ኮርታበታለችም።

ከዘጠኙ አንዷ ወደሆነችው ወደ ፈንታነሽ ደወለች። ፈንታነሽ ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች፣ አንበሳሜ ላይ ሱቅ ከፍታ ማኔጅመንት የምትማር ሴት ናት።

«እንዴት ዋልሽ እትዬ ብዙነሽ? ልጆችስ ደኅና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ፈንታዬ፣ ጽሑፉን የማታስረክቡት ለምንድን ነው? ቁልፉ ጠፋችሁ?»

ፈንታነሽ ከገበያው ጫጫታ ራቅ አለች።

«ቁልፉስ አልጠፋንም። ከቁልፉ በላይ ያለችው ሳጥን ናት ያስቸገረችን።»

«የትኛዋ?»

«ምልክት አድርጉባት የተባለችው ናታ! ‹ይህን ሥራ ያለ ማንም እርዳታ ብቻዬን እንደ ሠራሁት እምላለሁ› ትላለች። እኔ በእጄ ጽፌ፣ በስልክ የመታችልኝ ዓለሚቱ ናት። የዓለሚቱን ሰንጠረዥ ደግሞ ያሳየኋት እኔ። ሁላችንም እሑድ ከቅዳሴ መልስ አብረን ነው የምናጠና። ታዲያ ለዲግሪ ብዬ በሐሰት ልማል፣ እትዬ? ምን ቆርጦኝ!»

የብዙነሽ ፊት ጋለ። «እምላለሁ» የሚለውን ቃል የመረጠችው ራሷ ናት። እንግሊዝኛው ደረቅ ቢሆንባት፣ ትንሽ ክብደት ይኑረው ብላ ነው። አንብቦ የሚፈራው ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ለሲሳይ ብትነግረው ሳቀ።

«ለዚች ብለው ነው? ሌላው ሦስት መቶ ተማሪ ጠቅ አድርጎ አልፏል እኮ! ማን ያነበዋል?»

«እነሱ አነበቡታ።»

«እንግዲያው በአንቺ የይለፍ ቃል ግቢና አንቺ አድርጊላቸው። ዘጠኝ ጊዜ ጠቅ ነው፤ ለእነሱም ለእኛም ግልግል» ብሎ ወደ ስብሰባው ወጣ።

ስምንት ተኩል ሆኗል። የፈንታነሽን ስም ከፈተች። ሳጥኗ ባዶዋን ቁጭ ብላለች። ማውሱን ለቀቀች። ሰዎቹ ለነፍሳቸው ፈርተው የተዉትን መሐላ እሷ ልትምልላቸው ነው። ካልማለች ደግሞ የአራት ዓመት ልፋታቸው ገደል ይገባል።

ጋሼ ካሳሁን ትዝ አሏት። ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት በዚችው ክፍል ወረቀት ተቀባይ እሳቸው ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐሙሲትና የአንበሳሜ ተማሪዎች ዝናብ እየመታቸው ይመጣሉ፤ ሥራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከጋቢ ሥር ሸጉጠው። ጋሼ ካሳሁን በሁለት እጃቸው ይቀበሉና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «ማን አገዘሽ?» ይላሉ። አንዷ «ባለቤቴ»፣ ሌላዋ «የሠፈራችን መምህር» ትላለች። እሳቸውም ስሙን ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ጽፈው፣ ማኅተም መትተው፣ «ደርሶኛል፤ ያገዘሽን እግዜር ይስጠው» ብለው ይሸኛሉ።

ብዙነሽም ያን ጊዜ ተማሪ ነበረች። የመጀመሪያ ሥራዋን ስታስረክብ፣ ጎበዝ ለመባል፣ «ማንም አላገዘኝ» አለቻቸው።

«እኔስ?» አሉ እየሳቁ። «ትናንት እስኪመሽ ያስረዳሁሽ እኔ ሰው አይደለሁም?» ብለው ከወረቀቷ ጀርባ የራሳቸውን ስም ጻፉ። በእፍረት መግቢያ ጠፍቷት ነበር። ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ናፈቋት። ያ የረጠበ ወረቀት ሽታ፣ ያ ጥያቄያቸው ሳይቀር ናፈቃት።

የገጹን ቃላት ማስተካከል የሚቻለው በእሷ የይለፍ ቃል ነው። ያችን የመሐላ ዓረፍተ ነገር አጠፋችና «ሥራውን ያስረከብኩት እኔ ነኝ፤ ያገዘኝ ሰው ካለ ከታች ጽፌያለሁ» ብላ ተካቻት። ከሥር ያለውን፣ ማንም ነክቶት የማያውቀውን የአስተያየት ቦታ ደግሞ «ማን አገዘዎት?» ብላ ሰየመችው። ከዚያ ፈንታነሽ ጋ ደወለች።

«ገጹን ዘግተሽ እንደገና ክፈቺው። ለሌሎቹም ንገሪያቸው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ስም አረንጓዴ ሆነ። ከፍታ አነበበችው፤ «ዓለሚቱ በስልክ ጻፈችልኝ። እግዜር ይስጣት» ይላል። ሌላውም፣ ሌላውም ተከተለ። ሲሳይ ከስብሰባ ሲመለስ ቀይ ስም አልነበረም።

«ጎሽ! ጠቅ አደረግሽላቸው?»

«ራሳቸው ናቸው ያስረከቡት። እኔ ቃሉን ነው የለወጥኩት።»

ሲሳይ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። «ዋናው ግቢ ሳይፈቅድ? ቢጠይቁኝ ምን ልበል?»

ለውጡ ሥራ ላይ ቢውልም፣ ገጹ ምክንያቱን የምትጽፍበት መስመር አውጥቶ ገና እየጠበቃት ነው። ሲሳይ አጎንብሶ አየውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ባዶውን ተዪው፤ ማንም አያነበው።»

ብዙነሽ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች። «ፊትም ቃሉን የመረጥኩት፣ ዛሬም የለወጥኩት እኔ ብዙነሽ ነኝ» ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና ጨመረችበት፤ «ያገዙኝ ጋሼ ካሳሁን ናቸው።»

ከዚያ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች።