የሳምንት ሻንጣ

አክስቲቱ ከሻንጣው ታወጣለች፤ አባትየው መልሶ ይከታል። እሷ ዕድሜዋን አየር ላይ የጨረሰች የበረራ አስተናጋጅ ናት፤ በአንዲት የእጅ ቦርሳ ዓለምን የዞረች፣ ትርፍ ጫማ የያዘ መንገደኛ ባየች ቁጥር ሳቋ የሚያመልጣት። እሱ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ኑሮው ከሕንፃ ምድር ቤት እስከ ጣሪያ መመላለስ ሆኖ፣ ከከተማው ርቆ የማያውቅ፣ አንዲት ብሎን ጎድላ ሰው በሁለት ወለል መካከል እንዳይቀርበት መሣሪያውን ሁሉ ተሸክሞ የሚዞር። የእሷ አፍ አያርፍም፤ ከእሱ አንዲት ቃል ለማግኘት ግን ደጅ መጥናት ያስፈልጋል። ዛሬ በአንድ ክፍል ያገናኛቸው አልጋው ላይ የተከመረው ጓዝ ነው። አባትየው የዘጠኝ ወር ሴት ልጁን ይዞ፣ ነገ ጠዋት ወደ ሞቃት የባሕር ዳርቻ ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ሊበር ነው።

"ስማኝ፣ ባለሊፍቱ" አለችው፣ ወፍራም ሹራብ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ። "እዚያ እኮ ሙቀቱ ጨርቅ ያስጥላል። ስስ ጥጥ፣ እጅጌው ረጅም፣ ሰፊ ባርኔጣ፤ በቃ! ይኼን ማን ሊለብሰው ነው? ዓሣው?"

"አውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል ብለሽኝ አልነበር?"

"ለዚያ አንድ ይበቃል። ሱቅ ክፈት አልኩህ?"

"ይሁን፣ እታለም" አለና ሹራቡን ተቀብሎ በሌላኛው ጎን ሸጎጠው።

አክስቲቱ ሳቀች። በእህቷ ባል ግትርነት መሳቅ የጀመረችው በቅርቡ ነው፤ ከዚያ በፊት እዚህ ቤት የሚያስቅ ነገር አልነበረም። እህቷ ልጇን በተገላገለች ማግሥት ደም ፈስሷት አረፈች። ሕፃኗ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደዚህ፣ ወደ አያቷ ቤት መጣች፤ አባትየው ደግሞ በየዕለቱ ከሥራ ሲወጣ የማሽን ቅባቱን ከእጁ አጥቦ ያቅፋታል፣ ጡጦ ያጠባታል፣ አስተኝቷት ወደ ባዶ ቤቱ ይሄዳል። ሰውየው ቀን በቀን እየከሳ ሲመጣ፣ "ልጅህን ይዘህ ባሕር አይተህ ና" ያለችው አክስቲቱ ራሷ ናት። አያትየዋን አግባብቶ "እሺ" ማሰኘት ግን የዋዛ ሥራ አልነበረም።

"አሁን ልብ ብለህ ስማኝ" አለች፣ ትንሿን ቦርሳ ወደ እሱ እየገፋች። "ዳይፐሯ፣ ጡጦዋ፣ የሙቀት መለኪያው፣ ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ዱቄት፣ ቅያሪ ልብሷ እዚህ ውስጥ ነው፤ ከእጅህ አይለይ። ትልቁ ሻንጣ ቢጠፋ እንኳ ሚጡ ምንም አይጎድልባትም። ለአንተም አንድ ሸሚዝ ጨምሬልሃለሁ፤ ስታስመልስ አንተ ላይ ነው የምታስመልሰው። አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ ጡጦ ስጣት፤ ስትውጥ ጆሮዋ ይከፈትላታል። ፀሐይዋ ከበረታች ከጥላ አታውጣት። አጎበሩን ማታ ማታ ፍራሹ ሥር አስገብተህ ወጥረው።"

"ውኃዋንስ?"

"አፍልተህ፣ አቀዝቅዘህ። ጎሽ! ይኼን መጠየቅህ ራሱ ደግ ነው።"

ይህን እያለች አጎበሩን የምታስተኛበት ቦታ ስትፈልግ እጇ ሻንጣው ሥር ገባ። በወረቀት የተጠቀለለ ጠንካራ ነገር ነካች፤ አወጣችው። ወፍራም ሶል ያለው የሕፃን ጫማ ነው። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ቀሚሶች ተጣጥፈዋል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ለምትሯሯጥ ልጅ የሚሆኑ።

"ገና መዳህ ለጀመረች ልጅ? በሳምንት ውስጥ ልታስሮጣት አስበህ ነው?"

እሱ አልሳቀም። ተነሥቶ በሩን በቀስታ ዘጋው። አክስቲቱ ጫማውን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አትመለሱም ማለት ነው?"

"እዚያ አንድ ሆቴል ሊፍቶቹን የሚጠብቅለት ሰው ይፈልግ ነበር። ቀጠሩኝ።"

"እማዬስ?"

"ከደረስኩ በኋላ እደውልላቸዋለሁ ብዬ ነበር።"

"ትደውላለህ! በስልክ! አንዷን ቀብራ ገና ዓመት አልሞላት፤ ሌላዋን በስልክ ልታረዳት ነው? እኔንስ ምን አደረግኸኝ? ለምኜ ያስፈቀድኩልህ እኔ! አንተን አምኜ!"

"ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።"

"ይስሙ! ከእንግዲህ አንዲት ካልሲ አላጥፍልህም።"

አባትየው ግድግዳውን ተደገፈ። ሲናገርም ወለሉን እያየ ነበር።

"ባለፈው ከሥራ በጊዜ ወጥቼ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። እማማ ልጄን ታቅፈው የሚስቴ ፎቶ ፊት ቆመዋል። 'አየሽ ወለላዬ፣ ይኼ አንቺ ነሽ' ይሏታል። 'ሞተች ያሉኝ ዋሽተውኝ ነው፤ ይኸው መጣሽልኝ' ይሏታል። እኔ ሁሉንም ውጭ ቆሜ ሰማሁ።"

"ናፍቆት ነው" አለች አክስቲቱ፤ ድምፅዋ ግን ራሷን አላሳመናትም። ወለላ የሟች እህቷ የቤት ስም ነው። እናቷ ሕፃኗን በዚያ ስም ስትጠራ፣ ከአሮጌው ሣጥን ናፍታሊን የሚሸት ልብስ አውጥታ ስታለብሳት፣ የእህቷን የልጅነት ጉትቻ ስታደርግላት፣ ሁሉንም አይታለች። አያት አይደለች፣ ምን ታድርግ እያለች አልፋዋለች።

"ወለላ ሚስቴ ናት፤ ሞታለች" አለ አባትየው። "ሚጡ ሌላ ሰው ናት። እዚህ ካደገች ግን ሌላ ሰው አትሆንም።"

"ሌሊት ትኩሳት ቢይዛት ብቻህን ምን ታደርጋለህ?"

"የምችለውን።"

"ሥራ ስትውልስ?"

"ሠራተኞቹ ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ክፍል አለ አሉኝ።"

"አሉህ! አላየኸውም?"

"አላየሁትም።"

አክስቲቱ ተነሥታ በሩን ልትከፍት፣ እናቷን ጠርታ ሁሉን ልትዘረግፍ አሰበች። ሻንጣው እዚህ ከቀረ ሕፃኗም እዚህ ትቀራለች፤ የሚያስፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው። እጇ እጀታው ላይ ሳይደርስ በሩ ከውጭ ተከፈተ፤ አያትየዋ ሕፃኗን ታቅፋ ገባች። ሕፃኗ ዳንቴል ያለው ሐምራዊ የከፋይ ቀሚስ ለብሳ ትነጫነጫለች።

"ለመንገዱ ይኼን ታድርግልኝ" አለች አያትየዋ። "አያምርባትም?"

አክስቲቱ ሕፃኗን ተቀበለች። ልብሱ ብብቷ ሥር ተወጥሮ ክንዷን አንቋታል። ቁልፉን ስትፈታ ቆዳዋ ላይ ቀይ ክብ ምልክት ወጥቷል፤ ሕፃኗም ትንፋሿን ለቀቀችና ጣቷን ትጠባ ጀመር።

"እማዬ፣ ጠቧታል እኮ። ይቺ ደንዳና ናት፣ አባቷን ነው የወጣችው።"

"ምን ይጠባታል! በዚህ ዕድሜዋ ልክክ ነበር የሚላት።"

"ማንን?"

አያትየዋ ጥያቄው የሞኝ እንደሆነ ሁሉ ልጇን አየቻት። "ወተቷን ቀነስ አድርጌላታለሁ" አለች በእርጋታ። "ከሰሞኑ አንስቶ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ብትታገሥ ወደ ልኳ ትመለሳለች።"

አባትየው አንድ ርምጃ ወደፊት መጣ። አክስቲቱ በዓይኗ አቆመችው። እናቷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሁለት ልጆች በእጇ ያሳደገች፣ የማንንም ልጅ አስርባ የማታውቅ ሴት ናት። አሁንም ሕፃኗን እያስራበች መሆኗ ለራሷ አልታወቃትም። አክስቲቱን ወገቧን የቆረጣት ይኼ ነው። ቀሚሱን ከሕፃኗ ላይ አወለቀች፤ ራቁቷን ለአባቷ ሰጠችው።

"ሂድ፣ ጠርሙሱን ሙሉ አድርገህ አጥባት። ጠጥታ ስትጨርስ ይዘሃት ና፤ ሁላችንም የምንሰማው ነገር አለ።"

እሱ ወጣ። አያትየዋ ባዶውን ቀሚስ ከአልጋው ላይ አንስታ እያለሰለሰች ታጥፈው ጀመር። ከማድ ቤቱ ሕፃኗ በስግብግብነት ስትውጥ ይሰማል፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ አልቆ ሁለተኛው ተቀዳ።

አባትየው ሕፃኗን ትከሻው ላይ አድርጎ ተመለሰ።

"ተቀመጪ እማዬ። ጉዞው የሳምንት አይደለም። ሚጡ እዚያ ከአባቷ ጋር ልትኖር ነው።"

"ምን ትላለች ይቺ?" አያትየዋ ወደ አማቿ ዞረች። "ልጄ፣ እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ እማማ። ሰርቄዎት ልሄድ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።"

አያትየዋ የታጠፈውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መዳፏን በላዩ ላይ አመላለሰች። "ወለላዬን ሁለተኛ ልትወስዱብኝ" አለች። "አንቺ ደግሞ ታግዢዋለሽ። ወትሮም የዚህ ቤት ሰው አልነበርሽም።"

ቃሉ አክስቲቱን አቃጠላት፤ እውነትነት ስላለው ይበልጥ አቃጠላት። ሆኖም ከእናቷ ጎን ተቀመጠች፤ የተናገረችውም ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጋ ነው።

"ባለሊፍቱ፣ ያንን የልጆች መዋያ በዓይንህ ሳታይ አንድ ቀን ሥራ እንዳትገባ፤ ማታ ማታ ደውለህ ስንት ጠርሙስ እንደጠጣች ትነግረኛለህ። እማዬ፣ ነገ እነሱን ሸኝቼ ስመለስ ወደ ቤቴ አልሄድም። ዕቃዬን ይዤ እዚህ እገባለሁ።"

"አልፈልግሽም።"

"አውቃለሁ። ቢሆንም እገባለሁ። ወለላ ሞታለች፣ እማዬ፤ የቀረሁልሽ እኔ ነኝ።"