የባሏ ድምፅ ያለበት ቴፕ

የሬዲዮ ጣቢያው የድምፅ ክምችት ክፍል ኃላፊ በባልደረቦቿ ዘንድ «ቁልፌ» ትባላለች። የትኛው ቅጂ ለማን እንደሚሰጥ፣ የትኛው ከክፍሉ ንቅንቅ እንደማይል የምትወስነው እሷ ናት። ለማንም አታዳላም ይሏታል። ያ ቴፕ እስኪጠየቅ ድረስ እሷም ስለ ራሷ እንደዚያው ታስብ ነበር።

ቴፑ የድሮ ተከታታይ ድራማ ነው። አፍቃሪውን ሆኖ የተጫወተው ባሏ ነው፤ ያኔ ገና አልተዋወቁም። ተፈቃሪዋ ድምፀ መረዋ ተዋናይት ነበረች፤ ሰዉ ሁለቱን በእውን የተጋቡ ያህል ያወራላቸው ነበር። ቁልፌን የሚያንገበግባት ግን ወሬው አይደለም። ባሏ በዚያ ቴፕ ላይ «ዓለሜ» የሚልበትን ድምፅ ለእሷ አንድ ቀን አውጥቶላት አያውቅም።

አሁን ተዋናይቷ ቅጂ ይሰጠኝ ብላ አመለከተች። ቁልፌም «የሌላው ተዋናይ ፈቃድ ስላልተገኘ መስጠት አንችልም» ብላ መለሰችላት። ሕጉስ እውነት ነው። ፈቃዱን ግን ከጎኗ ከሚተኛው ሰውዬ አልጠየቀችም።

ብዙም ሳይቆይ ባሏ ጺሙን ተላጭቶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ቢሮዋ ከች አለ። ተዋናይቷ ከኋላው ነበረች። 

«ፈቃዱ አልተገኘም የተባልኩት ሰው ይኸው መጣሁ» አላት ባሏ፣ ለመሳቅ እየሞከረ።

«ከመቼ ወዲህ ነው የምትደዋወሉት?»

«ትናንት ነው የደወለችልኝ። ሚስቴ እዚህ እንደምትሠራ አላወቀችም።»

ተዋናይቷ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ስትናገር የወጣው ሹክሹክታ ነበር።

«ጠጋ በይልኝ እህቴ። ጉሮሮዬን ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ወዲህ ድምፅ የለኝም። የልጅ ልጄ የምታውቀኝ እንዲህ ሆኜ ነው፤ የድሮውን ላሰማት ብዬ ነው።»

ለቁልፌ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ሐዘን አልነበረም። ያ ስትቀናበት የኖረችው የተዋናይቷ ድምፅ ከዚህ ክፍል ሌላ የትም እንደሌለ፣ እንቢ ካለችም እዚሁ እንደሚቀር ነበር ያሰበችው። በራሷ ደነገጠች።

ቴፑን አውጥታ ማጫወቻው ላይ አደረገችው። «ዓለሜ» የሚለው የባሏ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ተዋናይቷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ባሏ በኀፍረት መሬት መሬቱን አየ።

«ለቤት ብቻ ነው» አለች ቁልፌ ቅጂውን ስትሰጣት። «ለሌላ ሰው ማባዛትም ሆነ በሬዲዮ ማስተላለፍ አይፈቀድም።»

ወደ ቤት ሲሄዱ ባሏን ጠየቀችው። «ለእኔ ለምን እንደዚያ ብለህ አታውቅም?»

«እሱማ ጽፈው ሰጥተውኝ ነው። በራሴ ሲሆን ምላሴ ይተሳሰራል።»

ደስ አላት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላመነችውም።

በኋላ ተዋናይቷ ቤታቸው ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ቁልፌ ነበረች። ሕፃኗ ቅጂውን ሰምታ «ይቺ አያቴ አይደለችም» ብላ ድርቅ ማለቷን ነገረቻት። 

«እሑድ ቢሮዬ ይዘሻት ነይ» አለቻት ቁልፌ፤ «እኔ አስረዳታለሁ።»

ባሏ ማን እንደደወለ ሲጠይቃት ግን የሥራ ጉዳይ ነው አለችው።