በዜሮ የሚያልቁ ቁጥሮች

ፖስተሩን የሰቀሉት እኔ በየቀኑ በማልፍበት ኮሪደር፣ ነርስ ተማሪዎችን ከማለማምድበት ክፍሌ በር ፊት ለፊት ነው። ሌላ ግድግዳ የጠፋ ይመስል! ከላይ የዩኒቨርሲቲያችን ዓርማ፣ ከሥሩ «የዓመቱ ምርጥ የጤና ምርምር እጩ» የሚል ጽሑፍ፣ መሐል ላይ ደግሞ ነጭ ጋውን የለበሰች ታናሽ እህቴ። በሩን በከፈትኩ ቁጥር ትስቅብኛለች።

ቅናት ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ አልሆነልኝም።

እናታችን ስትሞት ሚጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔ ገና ከነርስነት ትምህርት መውጣቴ ነው። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የደም ግፊት መለካት ያስተማርኳትም እኔው ነኝ፤ ያውም በገዛ ክንዴ ላይ። ዛሬ በአንድ ግቢ ውስጥ እኔ «ሲስተር» ነኝ፣ እሷ «ዶክተር» ናት። ጥበቃው እንኳ እኔን በአገጩ፣ እሷን ከወንበሩ ተነሥቶ ነው ሰላም የሚለው። እሷ ግን ሰው ኖረም አልኖረም «እትዬ» ነው የምትለኝ። አንድም ቀን ሲስተር ብላኝ አታውቅም። እሱም ያናድደኝ ነበር። የሚያስወቅስ ነገር አጥቼባት ነው መሰለኝ።

ሐሳቡ እኮ የኔ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ከግቢያችን ጀርባ ባለው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው የሚውሉትን ሴቶች ግፊት እንለካ ብዬ አራት ገጽ ጽፌ ነበር። ዲኑ «ጥሩ ነው ሲስተር» አሉና መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት፤ እዚያው አረጀ። ሚጣ ያን ወረቀት ትየው አትየው አላውቅም፤ ልጠይቃትም ኩራቴ አልፈቀደም። ብቻ ሁለት መቶ አርባ ሴቶች ለካች። ከየሦስቱ አንዷ ግፊት እንዳለባት ሳታውቅ ነበር የምትሰፋው። ምርምሩ በዩኒቨርሲቲው የምርምር ኮሚቴ ካለፈና ከተሸለመ ፋብሪካው የራሱን ነርስ ሊቀጥር ተስማምቷል፤ ሚጣም የምርምር ማዕከሉ ኃላፊ ትሆናለች። የማዕከሉ ቢሮ ሁለት መስኮት አለው። የኔ ክፍል አንድም የለውም።

የሚጣን ልጅ ኩፍኝ የያዘው ጊዜ አራት ቀን ተክቻት ለክቻለሁ። በምሳ እረፍት፣ የጨርቅ ብናኝ አፍንጫ በሚዘጋበት ክፍል፣ ሴቶቹ እስከ በሩ ድረስ ተሰልፈው፣ ደወሉ ሳይደወል ለመጨረስ ስጣደፍ። የእህቴ ረዳት ሆኜ መቆሜ አንጀቴን ያሳርረው ነበር። ለዚህ ሁሉ ልፋቴ ምን አደረገችልኝ? ጽሑፉ መጨረሻ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከሾፌሩ ቀጥላ አመሰገነችኝ።

ሰኞ ዕለት ፍላሽ ይዛ ክፍሌ መጣች።

«እትዬ፣ ኮሚቴ ከመግባቱ በፊት ጽሑፉን እስቲ እዪልኝ። ካንቺ በቀር ለማንም አልሰጠሁም።»

«ጊዜ የለኝም።»

«አንቺ? ወጥ እያማሰልሽ ፈተና የምታርሚዋ?» ብላ ሳቀች፤ ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ወጣች።

ከጽሑፉ ስሜ ያለበትን የመጨረሻ ገጽ ብቻ አየሁ፤ ሌላውን አላነበብኩም። የፈለግኩት ጽሑፍ አልነበረም። ፍላሹ ላይ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈበትን የቁጥር ፋይል ከፈትኩና ከአንደኛዋ ሴት ጀምሬ ቁልቁል ወረድኩ። እስከ 130ኛዋ ድረስ ንጹሕ ነው። 118 በ76። 134 በ82። 131ኛዋ ላይ ስደርስ ልቤ ዘለለ። 120 በ80። 130 በ90። 140 በ90። 110 በ70። እስከ 186ኛዋ ድረስ እንዲያው ነው፤ ሃምሳ ስድስት ሴቶች፣ ሁሉም በዜሮ።

የማያውቅ ሰው ቢያየው ምንም አይታየውም። የኛ መለኪያ ሁለት ሁለት እያለ ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ በዜሮ የሚያልቀው ከአምስት አንዱ ቢሆን ነው። ሁሉም በዜሮ ካለቀ፣ ለካሁ ያለው ሰው ወይ አልለካም፣ ወይ ቀስቱን በደንብ ሳያይ ደስ ወዳለው ቁጥር አስጠግቷል። በዚህ ጥፋት በየዓመቱ ተማሪ እጥላለሁ። «ዓይናችሁ ዜሮ ይወዳል፤ አትመኑት» እላቸዋለሁ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ባሳደግኳት ልጅ ውድቀት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደብዳቤውን ያኔውኑ ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ ብቻ ነው፤ «ከ131 እስከ 186 ያሉት ልኬቶች የፈጠራ ይመስላሉ፣ ይጣራ» ይላል። ስም አልጻፍኩበትም። በጋራው ማተሚያ አትሜ በኮሚቴው ቢሮ በር ሥር አሾለክሁት። ጫፉ ገና ይታይ ነበር፤ ግን ጎትቼ አላወጣሁትም።

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። እኔም አባል ነኝ፤ እህቷ ስለሆንኩ ድምፅ አልሰጥም እንጂ ተቀምጬ መስማት እችላለሁ። ሰብሳቢው፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ የሚናገር የፋርማሲ መምህር፣ ደብዳቤውን አነበበ። ሚጣ አንድ ካርቶን ቅጽ ታቅፋ ገብታ ነበር። ትደነግጣለች ብዬ ስጠብቅ እንዲያውም ትከሻዋ ዘና አለ።

«አይቼዋለሁ» አለች። «ትንተና ከመጀመሬ በፊት ነው ያየሁት። ሃምሳ ስድስቱንም ሴቶች ፈልጌ ደግሜ ለክቻቸዋለሁ። አዲሶቹም አሮጌዎቹም ቅጾች እዚህ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ውጤቱ የተሠራው በአዲሱ ፋይል ነው፤ ደብዳቤው የሚለው የተተወውን አሮጌውን ነው።»

«መቼ ለካሽ?» አለ ሰብሳቢው።

«አምስት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። አንዳንዶቹ ሥራ ለቀው ነበር፤ ቤታቸው ሄድኩ።»

ሰብሳቢው ከአሮጌዎቹ ቅጾች ጥቂት አገላበጠና መነጽሩን አስተካከለ። «እዚህ ግርጌ ላይ የለኪው መለያ ሦስት ይላል። ሁሉም ሦስት ነው። ሦስት ማን ነው?»

ቆሌዬ ተገፈፈ። አንድ ሚጣ ናት። ሁለት የክፍሏ ረዳት ናት። አራት ቀን በዚያ ብናኝ ውስጥ በያንዳንዱ ቅጽ ግርጌ ሦስት ቁጥርን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ፋይሉን ስበረብር ቁጥሮቹን እንጂ ለኪውን አላየሁም። የፈለግኩት የእሷን ጥፋት ስለነበር የማን ነው ብዬ መጠየቅ አልመጣልኝም።

«ስልጠናውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች ሚጣ ካርቶኑን ወደ ራሷ እየሳበች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ስም መጥራት አያስፈልግም።»

ስሜ ለምን ከሾፌሩ ሥር እንደወረደ ያኔ ገባኝ። ልኬቴ ተጥሏል፤ ግን እንዳላፍር ብላ በምስጋና ሸፍናልኛለች። እኔ ብሆን ኖሮ እንዲህ አላደርግም ነበር። ይህን ሳውቅ ደግሞ፣ እዚያው ወንበሬ ላይ፣ እንደገና ቀናሁባት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሦስት ቁጥር እኔ ነኝ።»

ተማሪ በምጥልበት ጥፋት ራሴ መውደቄን በዚያ ክፍል የማያውቅ አልነበረም።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ምርምሩ እንከን የለበትም። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። አሮጌውን ፋይል ለማን ሰጥተሽ ነበር?»

ሚጣ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው። ነገሩ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት፤ መጀመሪያ ቅንድቧ፣ ቀጥሎ ከንፈሯ። ወደኔ አላየችም።

«እሱን እኔ አውቀዋለሁ» አለች። «የኮሚቴው ጉዳይ አይደለም።»

ምርምሩ አለፈ። ሰዎቹ እጇን እየጨበጡ ሲወጡ ወረቀቴን እንደሚሰበስብ ሰው ወደ ኋላ ቀረሁ። ምን እንደምላት አስቤ ጨርሼ ነበር፤ ስለ መሳቢያው፣ ስለ ስምንቱ ዓመት፣ መስኮት ስለሌለው ክፍሌ ልነግራት ነበር። ኮሪደሩ ላይ፣ ፖስተሩ ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። ግድግዳው ላይ ያለችው እንደ ልማዷ ትስቃለች።

«ሚጣዬ...» አልኩ።

«ሲስተር» አለችኝ፤ ድምፅዋ ለማታውቀው ሰው እንደምታወራ ረጋ ያለ ነበር። «ፍላሹን ይመልሱልኝ።»

ከጋውኔ ኪስ አውጥቼ ዘረጋሁላት። እጄን ሳትነካ ተቀበለችኝ።